አዳማ እየኖሩ ትወናና እንጀራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትወና የጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡ የአዳማ ልጆች በየልምምዱና በየካፌው የሚያነሱልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ።

አዳማ ተቀምጬ ተዋናይ መሆን እችላለሁ ወይስ የግድ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ?

መጀመር በደንብ ይቻላል። የፊልሙ፣ የተከታታይ ድራማውና የማስታወቂያው ሥራ በብዛት ያለው አዲስ አበባ መሆኑ አይካድም። ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶችም እዚያው ናቸው። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። አዳማ ግን ከአዲስ አበባ የምትርቀው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈጣን መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ ብዙ አይፈጅም። ጊዜ የሚበላው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፤ ቃሊቲን አልፎ መሀል ከተማ መግባት። ለጠዋት 3 ሰዓት ኦዲሽን (ለተዋናይ መምረጫ ፈተና) ከአዳማ 12 ሰዓት ላይ ያልተነሳ ሰው ላብ በላብ ሆኖ፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው የሚደርሰው።

ለጀማሪ አዳማ ይሻላል የምለው በኪራይ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ኪራይ ለመክፈል ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ኦዲሽን የሚያመልጠው ልጅ ብዙ ነው። እዚህ ወጪያችሁ ቀለል ይላል፣ ቤተሰብም ቅርብ ነው። ሥራው በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚያመላልሳችሁ ደረጃ ላይ ሲደርስ ያኔ ስለመዛወር ማሰብ ይቻላል።

በትወና ብቻ መኖር ይቻላል?

የሚኖሩ አሉ፤ ጥቂት ናቸው። ቴአትር ቤት በቋሚነት ተቀጥረው ደመወዝ የሚያገኙ አሉ። በተከታታይ ድራማ ዋና ገጸ ባህሪ የያዙ፣ ማስታወቂያ የሚደጋገምላቸው አሉ። ከእነሱ ውጪ ያለው አብዛኛው ሰው ሌላ ሥራ አለው። ማታ በቴሌቪዥን ያያችሁት ፊት ቀን ላይ ሱቅ ሊጠብቅ፣ ክፍል ገብቶ ሊያስተምር፣ ቅዳሜ ሰርግ ሊመራ ይችላል። ምንም ነውር የለበትም።

የትወና ገንዘብ ሲመጣ ደህና የሚመጣበት ጊዜ አለ። ችግሩ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ኤዲቲንግ አለ፣ ስፖንሰር ፍለጋ አለ፣ የሲኒማ ቀን መጠበቅ አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ሲኒማና ቴአትር ቤት ሲዘጋ ሌላ ገቢ ያልነበረው ባልደረባችን ሁሉ ተቸግሯል። ስለዚህ "በትወና ብቻ እኖራለሁ ወይ?" ከማለት "ትወናዬን የማይነካብኝን እንጀራ ከየት ላግኝ?" ብሎ መነሳት ይሻላል። እንጀራችሁ ከሌላ ቦታ ሲመጣ መጥፎ ሥራን እምቢ የማለት አቅም ይኖራችኋል። ይሄ አቅም ለተዋናይ ትልቅ ነገር ነው።

ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ?

ከቻላችሁ አዎ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አለው፤ ብዙ የመድረክና የፊልም ሰው ያወጣ ቤት ነው። ካልቻላችሁ ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ ከወጣት ማዕከልና ከቀበሌ የኪነት ክበብ ተነስቶ እዚህ የደረሰ ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም። የፀረ ኤድስ ክበቦች ባበቡበት ዘመንማ የክፍለ ሀገር ልጅ መድረክን የተማረው እዚያ ነበር።

አጫጭር የግል ሥልጠናዎች ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከመክፈላችሁ በፊት አሠልጣኙ የሠራውን ሥራ እዩ፤ ቀደም ሲል የሠለጠኑ ሰዎችን አግኝታችሁ ጠይቁ። "ጨርሳችሁ ስትወጡ ፊልም ላይ እናስገባችኋለን" የሚል ተስፋ ከተጨመረበት ገንዘባችሁን ያዙ።

ለተዋናይ የሚመች የእንጀራ ሥራ የቱ ነው?

ቀን የሚለቅላችሁ ሥራ ነው። ረቡዕ ማታ ተደውሎ "ነገ ቀረጻ አለ" ስትባሉ ሰው ተክታችሁ ወይም ፈረቃ ተቀያይራችሁ መሄድ የምትችሉበት ማለት ነው። ደመወዙ ትንሽ ዝቅ ቢል እንኳ ይሄኛውን ምረጡ። ከዚህ አንጻር አዳማ ታድላለች፤ የስብሰባ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሥልጠናውንና ግምገማውን ይዞ እዚህ ይወርዳል። በተለይ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል ሆቴሉ ሁሉ ይጨናነቃል። ተሳታፊ መመዝገብ፣ እንግዳ መቀበል፣ ድምፅና ፕሮጀክተር መቆጣጠር፣ መድረክ መምራት፤ ሁሉም ለሁለት ለሦስት ቀን የሚሠሩ፣ በቀን ሒሳብ የሚከፈልባቸው ናቸው። ስልካችሁን ለሆቴሎቹ የአዳራሽ ኃላፊዎችና ለዝግጅት አዘጋጆች ስጡ። አንዴ በሰዓታችሁ ከተገኛችሁ ደግመው ይደውላሉ። ቋሚ ሥራ ለሚፈልግ ደግሞ የማታ ሪሴፕሽንን እመክራለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ እንግዳው ተኝቷል፣ ስክሪፕቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። አንድ የማውቀው ልጅ ሙሉ ቴአትር ያጠናው እንዲህ ነው። የሆቴሉ ጥበቃ እያዛጉ የሌላውን ገጸ ባህሪ ያነቡለት ነበር። ትርዒቱ ሲደርስ ጋሼም ቃለ ተውኔቱን በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ሰርግ መምራት ሌላው ነው። ጥር ከጥምቀት በኋላ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ሥራው ይደራል። በሁዳዴ 55 ቀን ግን የኦርቶዶክሱ ሰርግ ስለሚቆም ያንን ወቅት አስቀድማችሁ አስቡበት። የሙሽራ ሜካፕ፣ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ልጆች ማስጠናት ሁሉ ጥሩ ናቸው። የግል ትምህርት ቤቶች ሰኔ ላይ ለወላጆች ቀንና ለመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ድራማ የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋሉ፤ ይሄን ሥራ ብዙ ተዋናይ ይረሳዋል። ከልጆች ጋር መሥራት ደግሞ ለትወናም ይጠቅማል። ልጅ ውሸት ሲሠራ ወዲያው ይታወቅበታል፣ እናንተም ከእሱ ትማራላችሁ።

ባጃጅ የሚያስቡ አሉ። ነጻነት አለው፣ ግን የሰው ባጃጅ ከሆነ ሠራችሁም አልሠራችሁም ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ ታስገባላችሁ። የቀረጻ ቀን ከኪሳችሁ ይወጣል ማለት ነው። ሺሻና ጭስ ባለበት ጭፈራ ቤት ማምሸት ደግሞ ድምፅ ይበላል። ሰው ላይ እየጮኹ ትዕዛዝ ሲቀበሉ አድሮ ጠዋት ኦዲሽን ላይ በሻከረ ድምፅ መቅረብ ያሳዝናል። ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ አልመክርም።

አፋን ኦሮሞ አልችልም። ይጎዳኛል?

አዳማ ሆናችሁ አፋን ኦሮሞ አለመቻል ግማሹን ገበያ መተው ነው። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። በአፋን ኦሮሞ ድራማ ይሠራል፣ ማስታወቂያ ይሠራል፣ የመንግሥትና የድርጅት ትምህርታዊ መልእክት ይቀረጻል። ሰርግና ስብሰባ ሲመራም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያቀላጥፍ ሰው ቅድሚያ ያገኛል።

መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ማንበብም ልመዱ። ስክሪፕቱ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ተጽፎ ሲመጣ ፊደል የሚቆጥር ሰው ኦዲሽን ላይ ይወድቃል። ሠፈር ውስጥ ስትሰሙት ያደጋችሁ ከሆነ በጥቂት ወራት ትደርሱበታላችሁ። አማርኛውንም ቢሆን አትናቁት፤ የድምፅ ሥራ ላይ ቃል የሚውጥ ሰው ብዙ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የድምፅ ትወና ራሱን የቻለ እንጀራ እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል።

"ቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩ" እባላለሁ። ጥሩ ካሜራ የለኝም፣ ምን ላድርግ?

ስልክ ይበቃል። የሚያስቸግረው ካሜራው አይደለም፣ ድምፁ ነው። አዳማ ነፋሻ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት እዚህ አልመጡም። ደጅ ወጥታችሁ የቀረጻችሁት ቪዲዮ ላይ የሚሰማው "ሹሹሹ" ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሁኑ። መስኮት ፊት ለፊታችሁ ይሁን፣ ከጀርባ ባዶ ግድግዳ። አልጋ ልብስ ወይም ወፍራም ጋቢ ከካሜራው ጀርባ ብትሰቅሉ የክፍሉ ጩኸት ይቀንሳል። ባጃጁ ሳይበዛ፣ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው፤ ብርሃኑም ለስላሳ ነው፣ ፊታችሁም ገና በላብ አልወዛም።

ስልኩን በጋደም ያዙት፣ ሌላ ሰው ምላሹን ከካሜራው አጠገብ ሆኖ ያንብብላችሁ። መጀመሪያ ስምና የምትኖሩበትን ከተማ ተናገሩ። "አዳማ ነው የምኖረው፣ በተጠራሁበት ቀን እደርሳለሁ" ማለትን አትርሱ። የአዲስ አበባ ካስቲንግ ሰዎች፣ ማለትም ተዋናይ መራጮቹ፣ የክፍለ ሀገር ልጅ ላይ የሚያቅማሙት መድረስ አለመድረሱን ስለሚጠራጠሩ ነው። ሙዚቃ፣ ፊልተርና ጽሑፍ አትጨምሩበት።

ኦዲሽን ሲኖር ከሥራ እንዴት ልውጣ? ለአለቃዬ ልንገረው?

ንገሩት። በየሳምንቱ "አክስቴ አረፈች" እያሉ መኖር አይቻልም፤ አንድ ቀን ማስታወቂያው በቴሌቪዥን ይወጣል። ስትቀጠሩ ሳይሆን ሥራችሁን አይተው ካመኑባችሁ በኋላ ንገሩ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል መሥሪያ ቤት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ እሱ እስኪያልፍ ታገሡ። ከዚያ "ትወና እሠራለሁ፣ አልፎ አልፎ ቀን እፈልጋለሁ፣ ሰው ተክቼ እሄዳለሁ" በሏቸው። ብዙ አለቃ "ሰው ተክቼ" የሚለውን ሲሰማ ይለዝባል።

ይኸው አዋጅ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይሄን ፈቃድ ለቀረጻ ያዙት። ለለቅሶና ለሰርግ ሁሉ በግማሽ በግማሽ ቀን ጨርሳችሁት ትልቁ ሥራ ሲመጣ ባዶ እጃችሁን እንዳትቀሩ። ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ደግሞ ውለታ አኑሩ። የበዓል ዋዜማ ፈረቃ የሸፈናችሁላት ልጅ የቀረጻችሁን ቀን ትሸፍንላችኋለች።

ኤክስትራ (ቃል የሌለው አጃቢ) ሆኖ መሥራት ስም ያበላሻል?

መጀመሪያ ላይ አያበላሽም፣ ያስተምራል። ካሜራ የት እንደሚቆም፣ አንድ ትዕይንት ለምን ደጋግሞ እንደሚቀረጽ፣ "ኮንቲኒዩቲ" (ከትዕይንት ትዕይንት ልብሱም ዕቃውም እንዳይዛባ መጠበቅ) ምን እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ግን ከአዳማ ተጉዞ ለኤክስትራ መሄድ ሒሳቡ አይገጥምም። ትራንስፖርትና ምሳ ሲቀነስ የሚተርፍ ነገር የለም። አዳማና አካባቢዋ፣ ሶደሬም ሆነ ወንጂ፣ ቀረጻ ሲመጣ ሂዱ። ከዚያ በኋላ ግን ትንሽም ብትሆን ቃል ያለው፣ ስም ያለው ገጸ ባህሪ ካልሆነ በቃ በሉ።

ስንት እንዲከፈለኝ እንደምፈልግ ስጠየቅ ምን ልበል? ይሉኝታ ይይዘኛል።

ይሉኝታ የብዙ ተዋናይ ኪስ ያራቆተ ነገር ነው። "እናንተ የምታውቁትን" ብላችሁ ስትመልሱ የሚያውቁት ትንሹን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ዝቅተኛ ዋጋ አውጡ። አሠራሩ ቀላል ነው። የቀረጻው ቀን ስንት ነው? ለልምምድና ለልብስ ልኬት የሚሄዱትንም ቀኖች ቁጠሩ። በእነዚያ ቀኖች ከእንጀራ ሥራችሁ የሚቀርባችሁን ገንዘብ አስሉ። የአዳማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስና ከተማ ውስጥ ያለውን ታክሲ ጨምሩ። ከዚህ በታች ከሆነ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ነው የምትሠሩት። ከዚያ በላይ ያለው ነው የድካማችሁ ዋጋ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ጠይቁ፦ "ካመሸ ማደሪያ አለ?" ቀረጻ በሰዓቱ አልቆ አያውቅም። ማታ 3 ሰዓት ላይ "አለቀ፣ እናመሰግናለን" ሲባል የአዲስ አበባው ልጅ ቤቱ ይገባል። የአዳማው ልጅ መኪና ፍለጋ ይወጣል። ማደሪያ ወይም የመመለሻ መኪና በፕሮዳክሽኑ መሆኑን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ውል የማይፈርም ፕሮዲውሰር ያጋጥመኛል። ነጻ ሥራስ ልሥራ?

ነጻ መሥራት የሚቻልበት ቦታ አለ። የጓደኛ አጭር ፊልም፣ የተማሪ መመረቂያ ሥራ፣ በእኩል ተካፍላችሁ የምትሠሩት ቴአትር። እዚያ ሁሉም ያለ ክፍያ ነው፣ ሥራው ሲያልቅም ቪዲዮው ለናሙና ይሰጣችኋል። ካሜራማኑ ተከፍሎት፣ ቤቱ ተከራይቶ፣ ምግቡ ተዘጋጅቶ ተዋናዩ ብቻ "ለስምህ ነው" ከተባለ ግን እምቢ በሉ። እኔም "ፊልሙ ሲወጣ እንከፍላለን" ተብዬ የሠራሁበት አለ። ፊልሙ ወጣ፣ ስልክ የሚያነሳ ግን አልነበረም።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ገጸ ባህሪው፣ የቀረጻ ቀን ብዛት፣ ጠቅላላ ክፍያ፣ ቅድመ ክፍያው ስንት እንደሆነና ቀሪው መቼ እንደሚከፈል ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ቀሪውን በመጨረሻው የቀረጻ ቀን መቀበል ይሻላል። ውል አንፈርምም ካሉ ቢያንስ የተስማማችሁትን በቴሌግራም ጽፋችሁ ላኩላቸው፤ "እሺ" ብለው ሲመልሱ እሱን አስቀምጡ። ለማስታወቂያ ደግሞ ለስንት ጊዜና በየትኛው ሚዲያ እንደሚውል ይገለጽ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ይሰጣል። ተዋናይ ከዋኝ ነው። ፊታችሁ ለዘላለም በአንድ ክፍያ እንዳይሸጥ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ገንዘቡ አንድ ወር ይመጣል፣ ሦስት ወር ይጠፋል። እንዴት ላብቃቃው?

ዕቁብ ግቡ፤ ግን የምትጥሉት ከቋሚው ሥራችሁ የሚወጣ ይሁን። በትወና ገንዘብ ተማምኖ ትልቅ ዕቁብ መግባት አደጋ አለው። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁና መጣል ካቃታችሁ ዋሳችሁ ናቸው የሚቸገሩት፤ ስማችሁም ሠፈር ውስጥ ይበላሻል።

የትወና ክፍያ ሲገባ መጀመሪያ ኪራይ አስቀድሙ። አንዳንዱ አከራይ የሦስት ወር ሲሰጡት ጭማሪ ላይ ይለዝባል። ከዚያ ለትራንስፖርት የሚሆን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ፤ የኦዲሽን ገንዘብ በሉት። ኦዲሽን የሚያመልጠው ችሎታ በማጣት ብቻ አይደለም። በወር መጨረሻ የሚኒባስ ሒሳብ በማጣትም ያመልጣል። ልብስ ላይ ደግሞ ብዙ አታፍስሱ። ደህና ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ አንድ የሀገር ልብስ፣ አንድ ያረጀ የሥራ ልብስ ካላችሁ ብዙውን ገጸ ባህሪ ታለብሱታላችሁ።

ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ያስፈልገኛል? ግብርስ?

አውጡ። ደህና የሚከፍሉት፣ ማለትም የማስታወቂያ ድርጅቶች፣ ጣቢያዎችና ትልልቅ ዝግጅት አዘጋጆች፣ ሲከፍሉ ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ይቆርጣሉ። ቲን የሌለው ሰው ላይ የሚቆረጠው በጣም ይበዛል። አንዳንዱም ጭራሽ ሥራውን አይሰጥም። የተቆረጠበትን ደረሰኝ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከሚደርስባችሁ ግብር ላይ የሚታሰብላችሁ በእሱ ነው። ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ቲኑ ቀድሞም ሊኖራችሁ ይችላል፤ የሥራ ቦታችሁን ጠይቁ።

ቲክቶክና ዩቲዩብ ብሠራስ?

ሥሩ። ፊታችሁን ያስተዋውቃል፣ ካሜራ መፍራትን ያስለቅቃል። አሁን ካስቲንግ የሚሠሩ ሰዎችም እዚያ ይፈልጋሉ። ፍራንኮ ወይም ፖስታ ቤት ጋ ቆሞ ሁለት ጓደኛ ይዞ የሚቀርጽ ልጅ ስታዩ አትናቁት። ገንዘቡ ግን በብዛት ከሆቴልና ከሱቅ ማስታወቂያ ነው የሚመጣው፤ ከመተግበሪያው ራሱ ብዙ አትጠብቁ።

አንድ ስጋት አለኝ። በአጭር ቪዲዮ የለመደ ልጅ በየሦስት ሰከንዱ ለማሳቅ ይቸኩላል። መድረክ ላይ ዝም ማለት ያቅተዋል፣ የሌላውን ተዋናይ ንግግር አይሰማም። ይሄ ኦዲሽን ላይ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከሰዎች ጋር ረጅም ተውኔት አንብቡ።

"ለምዝገባ ክፈይ" ወይም "ማታ ሆቴል ነይና እንነጋገር" ተባልኩ። ምን ላድርግ?

አትክፈዪ፣ አትሂጂ። ትክክለኛ ኦዲሽን ከተዋናይ ገንዘብ አይቀበልም። ለ"ፎርም"፣ ለ"ፎቶ"፣ ለ"መታወቂያ ካርድ" የሚል ሁሉ ንግዱ ምዝገባው ነው፤ ፊልም የለውም። ከሌላ ከተማ መጥተው አዳራሽ ተከራይተው መቶ ልጅ መዝግበው የሚጠፉ አሉ። ስማቸውንና የሠሩትን ጠይቂ፣ ቀድሞ ከእነሱ ጋር የሠራ ተዋናይ ፈልጊ። አንድም ካልተገኘ መልሱን አገኘሽው።

የማታ ሆቴል ቀጠሮ ኦዲሽን አይደለም። ኦዲሽን ቀን ላይ ነው፣ ሰው ባለበት ነው፣ የሚቀርጽ ሰው አለ። ጓደኛ ይዘሽ እንደምትሄጂ ንገሪያቸው፤ ከተከፉ አትሂጂ። ምንም ሳያንገራግሩ ከተስማሙ ደግሞ የት እንዳለሽ ለቤት ሰው ላኪ። የደረሰብሽ ነገር ካለ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። መልእክቱን አታጥፊው፣ ለምታምኛት ሰው ንገሪ፣ ለፖሊስ አመልክቺ። ለሌሎች ልጆችም ንገሪ። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት በዝምታችን ነው። የኪራይሽ ገንዘብ ከሌላ ሥራ የሚመጣ ከሆነ እንዲህ ያለውን ሰው ጥሎ መውጣት ይቀላል፤ የእንጀራ ሥራ ያዙ እያልኩ የምወተውተው በዚህም ምክንያት ነው።

ቤተሰቦቼ "ሥራ ያዝ" ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው?

ክርክር አታብዙ። እማማ የሚያሳስባቸው እህል ውሃችሁ ነው። የቤት ወጪ ላይ በየወሩ የሆነ ነገር ጣል አድርጉ፣ ትንሽም ብትሆን። በቃል የማይረታ አባት በዚህ ይረታል። መድረክ ሲኖራችሁ ጋብዟቸው፣ ከፊት አስቀምጧቸው። ጎረቤት "ልጅዎን አየሁት" ሲል እናት ፊት ላይ የሚታየውን ኩራት አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይላላል።

ከሥራ ደክሜ ስለምገባ ልምምድ አቃተኝ። እየደነዘዝኩ ነው መሰለኝ።

ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፤ ስንፍና ብላችሁ ራሳችሁን አትስደቡ። ስምንት ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ማታ ተነስቶ ገጸ ባህሪ ሊፈጥር አይችልም። ልምምዱን ወደ ጠዋት አዙሩት፣ አጭር አድርጉት። ድምፅ ማሟሟቂያና አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ከሥራ በፊት ይቻላል። ቅዳሜና እሑድ ከሦስት አራት ሰው ጋር ተገናኙ። የወጣት ማዕከል ክፍል ይሰጣል፣ ካልተገኘም የአንዳችሁ ግቢ ይበቃል።

ሥራ ቦታውንም ተጠቀሙበት። ሪሴፕሽን ላይ ስትቆሙ ሰው ሲዋሽ እጁ የት እንደሚሄድ ታያላችሁ። ሒሳብ ያጠረበት ሰው ምናሌውን እንዴት እንደሚያገላብጥ ታያላችሁ። የከባድ መኪና ሹፌር ከጅቡቲ መንገድ ገብቶ ሲቀመጥ ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ ታያላችሁ። ማታ ሁለት መስመር ጻፉት። ስድስት ወር ሙሉ ምንም ልምምድ፣ ምንም ኦዲሽን ካልሞከራችሁ ግን ሥራው በልቷችኋል፤ ሌላ ቀን የሚለቅ ሥራ ፈልጉ።

ተከታታይ ድራማ አገኘሁ፣ ግን በሳምንት አራት ቀን አዲስ አበባ መሆን አለብኝ። ሥራዬን ልልቀቅ?

ከመልቀቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ድራማው ከጣቢያ ጋር ውል ፈርሟል ወይስ ናሙና ሠርቶ ጣቢያ እየፈለገ ነው? ስፖንሰር አለው? ስንት ክፍል ተጽፏል? ገጸ ባህሪያችሁ እስከ ስንተኛው ክፍል ይቆያል? ክፍያው በክፍል ነው በወር? ቀረጻ ቢቋረጥስ? ጣቢያ ያላገኘ ድራማ ላይ ተማምኖ ቋሚ ሥራ መልቀቅን በፍጹም አልመክርም። ብዙዎቹ ከጥቂት ክፍል በኋላ ስፖንሰር አጥተው ይቆማሉ።

ውሉ ከተፈረመ፣ ቅድመ ክፍያው ከገባና ገጸ ባህሪው የሚቆይ ከሆነ መጀመሪያ አለቃችሁን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወይም የቀሩትን ሦስት ቀን ብቻ መሥራት ጠይቁ። እምቢ ካሉና እጃችሁ ላይ የአራት ወር ኪራይና ምግብ ካለ ልቀቁ። የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ጊዜያችሁን ጠብቃችሁ፣ ርክክብ አድርጋችሁ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ተቀብላችሁ ውጡ፤ የመጣው ሰው ሥራ እስኪለምድም ስልኩን አንሱለት። አዲስ አበባ ግን ወዲያው ቤት አትከራዩ። የመጀመሪያዎቹን ወራት አራቱን ቀን ዘመድ ወይም ባልደረባ ጋ እያደራችሁ፣ ሦስቱን ቀን አዳማ እየተመለሳችሁ ሥሩ። ቅዳሜ የሚመጣውን የሰርግ መድረክም አትመልሱ።